ሁለት መብራት፣ አንድ ዱቄት

በቤተ ሙከራው «እሜቴ ጽዳት» ይሏታል። ቅጽል ስሙን ያወጣላት ባሏ ነው፤ ያኔ ገና ባሏ ሳይሆን፣ ከላይኛው ፎቅ እየወረደ ብልቃጥ የሚበደር ጎረምሳ ነበር። እሷ እቴ ምን ቅር ይላታል! ብልቃጥ አጥባ፣ አድርቃ፣ መልሳ የምታጥብ ሴት ናት። ስሙንም እንደ ማዕረግ ነው የያዘችው።

ሥራዋ ብርሃን ሲያርፍባቸው የራሳቸውን ብርሃን የሚመልሱ ኦርጋኒክ ሞለኪውሎችን መሥራት ነው። የዘንድሮው ነጭ ዱቄት ግን አሳሯን አበላት። እታች፣ በእጅ መብራቷ ስታየው ጥርት ያለ ሰማያዊ ያበራል። ወደ ላይ ስትልከው ባሏ የራሱ መብራት ባለው የብርሃን መለኪያ ውስጥ ይከተውና «ቢጫ ነው፤ ቆሻሻ አለበት» ብሎ ይመልስላታል። በእነሱ ሙያ ሁለት ቀለም ከታየ አንዱ እድፍ ነው። እሷም ታሟሟዋለች፣ ታጣራዋለች፣ እንደገና ክሪስታል እስኪሠራ ትጠብቃለች። ይላካል፤ ያው ቢጫ።

ነገሩ ቤት ድረስ ገባ። እራት ላይ «ውሃ አቀብለኝ» ካልሆነ በቀር ወሬ የለም። እሷ የታጠበ ሳህን ስትፈትግ አማቷ ዝም ብለው አያልፉም፤ «ኧረ ልጄ፣ ሳህኑ ምን በደለ?» ይላሉ። ንዴቱስ ይቻል ነበር። የከበዳት የገዛ እጇን መጠርጠር መጀመሯ ነው። ይሄኛው ካልጠራ ሥራውን ልትተው ቆርጣለች፤ ለባሏ ግን ትንፍሽ አላለችም።

የመጨረሻውም «ቢጫ» ተብሎ ሲመለስ ትዕግሥቷ አለቀ። መብራቷን ኪሷ ከታ፣ የአሸዋ ቅንጣት የምታክል አንዲት ክሪስታል ይዛ ደረጃውን ወጣች። ለእርቅ እንዳይመስላችሁ፤ ልታሳፍረው ነው።

ክሪስታሏን አጉሊ መነጽሩ ሥር አደረጉ። የእሷ መብራት ሲበራ ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ሆነች። የእሱ ሲበራ ያቺው ቅንጣት ከዳር እስከ ዳር ቢጫ። እድፍ ቢሆን ኖሮ እዚህም እዚያም ይዥጎረጎር ነበር። የእሷ መብራት ጉልበቱ ከፍ ያለ፣ የእሱ ዝቅ ያለ ነው፤ ሞለኪውሉም እንደቀሰቀሰው ብርሃን ቀለሙን ይቀይራል። ዱቄቱ ከመጀመሪያውም ንጹህ ነበር።

ደስ አላት፤ ወዲያው ደግሞ እንባዋ መጣ።

«ታዲያ እስከዛሬ መጥተሽ በእኔ መብራት ለምን አላየሽውም?» አላት።

«መቼ ጠራኸኝ?»

እሱ መብራቱን አጠፋ።

«ልተወው ነበር እኮ» አለች።

«ዱቄቱን?»

«ሥራውን።»

ባሏ ክው አለ። «እንዴት ለእኔ አትነግሪኝም?»

«'ቆሻሻ አለበት' እያልክ ለምትመልስልኝ ሰው ምን ብዬ ልንገር?»

አንገቱን ደፋ። ከዚያ ከጥግ ሌላ ወንበር ጎትቶ ከራሱ ወንበር ጎን አስቀመጠና «ተቀመጪ» አላት። በዚያ ክፍል ወንበር ሲቀርብላት ይህ የመጀመሪያዋ ነው።