ሽማግሌ የተላከበት ቁጥር

ባለፈው እሁድ ከልጄ ጋር ማንጎ እየበላን ከስልኳ ላይ ዜና አነበበችልኝ። አዲስ ትልቅ ብቸኛ ቁጥር ተገኘ ይላል፤ ከአንድና ከራሱ በቀር ምንም እኩል የማያካፍለው፣ ልጻፈው ያለ ሰው ስንት መጽሐፍ የሚሞላበት። የተገኘውም ሁለትን በራሱ ደጋግሞ አባዝቶ አንድ በመቀነስ ነው። «ምን ያደርጋል ግን?» አለችኝ። ሳቄ መጣ። እኔ በዚያው ስሌት ከክፍል ተባርሬአለሁ።

ማትሪክ የተቃረበበት ወር ነበር፤ አርባ ምንጭ በሙቀት ትቀቀላለች፣ መንገዱ ሁሉ የወደቀ ማንጎ ይሸታል። የሒሳብ አስተማሪያችን ጎበዝ ሰው ነበር፣ አይካድም። ሁለትን ሦስት ጊዜ አባዝቶ አንድ ቀነሰ፣ ሰባት መጣ። አምስት ጊዜ፣ ሠላሳ አንድ። ሰባት ጊዜ፣ መቶ ሃያ ሰባት። ሁሉም ብቸኛ ናቸው። «አሥራ አንድ ጊዜም ያው ነው» አለና ሁለት ሺህ አርባ ሰባትን ጽፎ በጠመኔ ከበበው።

እኔ ሳካፍል ቆይቼ ተነሣሁ። «ቲቸር፣ ይሄ ለሃያ ሦስት ይካፈላል። ሰማንያ ዘጠኝ ይደርሰዋል።»

ክፍሉ ሳቀ። እሱ ሊሞክረው እንኳ አልፈለገም። በክፍሉ ፊት ይቅርታ ጠይቄ «ቁጥሩ ብቸኛ ነው» እስክል እንዳልገባ፣ ሰሌዳውንም ማንም እንዳያጠፋ አዘዘ። ማትሪኩ ሊያመልጠኝ ነው።

አባቴ ጋሞ ነው፣ የኦቾሎ መንደር ሸማኔ። የጋሞ ሽማግሌ ደግሞ ጠብ ሲያይ እርጥብ ሣር ይዞ ይንበረከካል፤ ሣር ይዞ የለመነን ሰው እምቢ ማለት ትልቅ ነውር ነው። በማግስቱ ከኩልፎ ወንዝ ዳር ሣር አጭዶ ሽማግሌ ጎረቤታችንን አስከትሎ መጣ። «ቁጥሩን ተይለት፣ ልጄ። ምን ይጎድልብሻል?» አለኝ በመንገድ። በጣም ተናደድኩ።

ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ሁለቱም ሣራቸውን ይዘው ተንበረከኩ። አስተማሪው ደንግጦ «ኧረ ተነሡ» አለ። ጎረቤታችን እንደ ድንበር ክርክር አየው መሰለኝ፣ «በእርስዎ ሰሌዳ ብቸኛ ይሁን፣ በልጅቷ ደብተር ይካፈል። በዚህ ታረቁ» አለ። አስተማሪው በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

ከአባቴ እጅ ሣሩን ወስጄ ተንበረከክሁ። «ቲቸር፣ በሰው ፊት ስላሳፈርኩዎት ይቅርታ። ቁጥሩ ግን ይካፈላል። ደብተሬም ላይ፣ ሰሌዳውም ላይ።»

አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። አስተማሪው ሣሩን አየ፣ እኔን አየ። እሱም የጋሞ ልጅ ነውና እምቢ ማለት አልቻለም። «ግቢ» አለኝ።

ገባሁ። ከተከበበው ቁጥር ሥር ሃያ ሦስት ሲባዛ በሰማንያ ዘጠኝ ብዬ ጽፌ ተቀመጥኩ።

ማታ አባቴ «እውነት ይካፈላል?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አዎ፣ አባዬ።»

«ታዲያ ምነው ሣር አስያዝሽኝ?»

ከዚያ ወዲህ በሥራም በኑሮም ብዙ ጊዜ «ተይለት» ተብያለሁ። የተውኩት ነገር አለ። የተሳሳተውን ግን ልክ ነው አላልኩም፣ አልልምም።

ልጄ አሁንም መልስ ትጠብቃለች። «ምን እንደሚያደርግ እንጃ» አልኳት፤ «ይሄኛው ግን ሽማግሌ ቢላክበትም አይካፈልም።»