ለወይዘሮ ዘርትሁን ያጠለቅሁት ሉል

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ሳሮን ለጓደኛዋ ሠርግ ስትሰናዳ የሉል ሐብሏን አንገቷ ላይ አሰረችና ሽቶ ልትረጭ እጇን አነሣች። ሳላስበው ከወንበሬ ተነሥቼ ያዝኳት። «ሽቶው ይቅደም! ሉል የሚጠለቀው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው» አልኳት። «እማማ ደግሞ፣ ስለ ሉል ከየት አወቅሽ?» ብላ ሳቀች። እውነቷን ነው፤ በዕድሜዬ የራሴ ሉል ኖሮኝ አያውቅም። በንጉሡ ዘመን፣ ልጃገረድ ሳለሁ ግን፣ ሰበታ ውስጥ የሰው ሉል አንገቴ ላይ ከርሟል።

ያኔ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ አዲስ አበባ ድሬሰርነት፣ የሐኪም ረዳትነት፣ ልማር አመልክቼ ቤት ተቀምጬ ነበር። ተቀምጬ አልኩ እንጂ መቀመጡስ አልሆነልኝም። ቤታችን ከጅማ መንገድ ዳር ስለነበር አውቶቡስ ባለፈ ቁጥር ብድግ እላለሁ፤ ሽሮ ጥጄ ደጅ እወጣለሁ፣ ሽሮው ያርራል። እናቴ «ኢንተላ ኮ፣ ታኢ! ልጄ፣ ተቀመጪ! መቀመጫሽን እሾህ ወጋው?» ትለኝ ነበር። ሲመራት ጊዜ፣ ባል ለሞተባቸው ጎረቤታችን ለወይዘሮ ዘርትሁን እንዳጫውታቸው ሰደደችኝ።

የወይዘሮ ዘርትሁን ባል ምጽዋ ጉምሩክ ለዓመታት ሠርተው ነው ሰበታ መጥተው ያረፉት። ሚስትየው ጠጉራቸውን ተቆርጠው፣ ከል ለብሰው፣ መስኮት ዘግተው ይውሉ ነበር። ተዝካሩ ከወጣ በኋላ፣ ኅዳር ላይ፣ ውጭ የእህል አውድማው አቧራ ሲጨስ፣ ከሣጥናቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ።

«እይው፣ ፈዘዘ» አሉኝ። «ባሌ ፍሬ ፍሬውን መርጦ ያሠራልኝ ነው።»

አመራረጡን ያን ቀን አሳዩኝ። ፍሬው ነጭ ጨርቅ ላይ ሲንከባለል ቀጥ ብሎ ከሄደ ክብ ነው፤ ከተወላገደ አይደለም። ጥርስ ላይ ሲታሽ እንደ ደቃቅ አሸዋ ሻከር የሚለው እውነተኛው ነው፤ የሚያንሸራትተው ብርጭቆ ነው። ሉል ከወርቅ ጋር አይቀመጥም፣ ይቧጨራል። አይሰቀልም፣ ክሩ ይላላል። ሽቶ አይነካውም፣ ይፈዛል።

«የምጽዋ ጠላቂዎች፣ ሉል የሰው ገላ ካልነካው ይሞታል ይሉ ነበር» አሉ። «እኔ ሙት ዓመቱ ሳይወጣ ጌጥ ባደርግ ሰው ምን ይለኛል? አንቺ አድርጊልኝ፣ ጫልቱ። ከቀሚስሽ ሥር። ለማንም እንዳትናገሪ።»

መጀመሪያ ሲነካኝ ቀዝቃዛ ነበር፤ ቆይቶ ገላዬን መሰለ። ከዚያ ወዲያ እጄ አላርፍ አለ። ውኃ ስቀዳም፣ ገብስ ስለቅምም፣ ቤተ ክርስቲያን ቆሜም አንገቴን እዳብሳለሁ። በየማታው እሳቸው ዘንድ ወስጄ በለስላሳ ጥጥ እንጠርገዋለን። እውነትም ቀስ በቀስ ወተት የመሰለው ብርሃኑ ተመለሰ። እኔ ደግሞ ይህን የሚያይልኝ ሰው እንዴት እንደናፈቀኝ!

ጥር ላይ የአጎቴ ልጅ ቡራዩ ተዳረች። ሉሉን ትቼ ልሂድ ብላቸው ወይዘሮ ዘርትሁን እንቢ አሉ። «ይሂድ፣ ሠርግ ይይ። ሐዘን በቃው።» በአዲስ አበባ በኩል ዞረን፣ አቧራ ለብሰን፣ ቆሎ እየቆረጠምን ደረስን። ዳሱ ውስጥ ቅቤውና ጠጁ ይሸታል፤ ከበሮው ሲመታ እግሬ አላስቀምጥ አለኝ። እስክስታው ሞቅ ሲል ሉሉ ከአንገትጌዬ ዘሎ ወጣ።

የወይዘሮ ዘርትሁን የባል ወንድም፣ ግራዝማች ተክሌ፣ ሠርጉ ላይ ተጠርተው ከሽማግሌዎቹ ጋር ጥሬ ሥጋ ይበሉ ነበር። ቢላዋውን እንደያዙ ተነሡ። «ይህ የወንድሜ ሉል ነው! አንቺ ልጅ፣ ከየት አመጣሽው?»

ከበሮው ቆመ። አባቴ ብርሌውን አስቀምጦ «ጫልቱ፣ ተናገሪ» አለኝ።

መናገር እንዴት አማረኝ! ግን ግራዝማች «የወንድሜ ንብረት ለእኛ ይገባል» እያሉ ቀድሞም ያወሩ ነበር። ሐዘንተኛዋ የሟቹን ስጦታ ለጭፈራ ላከች ከተባለ ነገሩ ወይዘሮ ዘርትሁን ላይ ያልቃል። «አልሰረቅሁም» አልኩ። ደግመው ጠየቁኝ፤ ያንኑ ደገምኩ። ሉሉን ከአንገቴ ፈትተው በመሐረባቸው ጠቀለሉት። «ነገ ሰበታ፣ ሽማግሌ ፊት!» አሉ። ስንመለስ አባቴ አውቶቡሱ ላይ ከእኔ ርቆ ተቀመጠ። ሌባ የሚል ስም የወጣላትን ልጅ ማን ትምህርት ቤት ይቀበላታል፣ ማንስ ያገባታል?

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ወይዘሮ ዘርትሁን ግቢ ተቀመጡ። እሳቸውም በከላቸው ወጥተው ነገሩን ሰሙ።

«ማን እንደሰጣት ተናገረች?» ብለው ጠየቁ።

«አልሰረቅሁም ከማለት በቀር ምንም» አሉ ግራዝማች።

ወይዘሮ ዘርትሁን ዞረው አዩኝ። እንደማያውቁኝ ሆነው ቢገቡስ?

«ባል የሞተብኝ እኔ ነኝ፤ ሉሉ ምን አጠፋ?» አሉ። «እኔ ነኝ አንገቷ ላይ ያሰርኩላት። እዚህ ሌባ የለም።»

«ከል ለብሰው ሳሉ፣ የወንድሜን ስጦታ ለጭፈራ?»

«አዎን፣ ለጭፈራ። ወንድምዎ ጭፈራ ይወድ ነበር፤ ረስተውት ይሆናል።»

አንዱ ሽማግሌ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ወይዘሮ ዘርትሁን ሉሉን ተቀብለው አሰሩልኝ፤ ከቀሚሴ ሥር ሳይሆን በላዩ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረው ጎንበስ አሉ። «ኦቦ ነገዎ፣ ያሳፈርኩዎት እኔ ነኝ፤ ይማሩኝ።» አባቴ ባርኔጣውን አወለቀ። እኔን ደግሞ «ነይ፣ ገበያ ሂጂና ጨው ግዢልኝ» አሉኝ። ጨው ሞልቶ ተርፏቸው ነበር። ገበያው መካከል ያን ቀን፣ ሉሉን ሁሉ እያየው፣ እንዴት እንደተራመድኩ!

ነገሩ ግን ለእሳቸው በዚያ አላበቃም። ግራዝማች በሙት ዓመቱ ድርሽ አላሉም፤ አንዳንድ የማኅበር ሴቶችም «ሐዘን ያልያዛት» እያሉ ሸሿቸው። እኔ ድሬሰርነቱን ገባሁ። ለእረፍት ስመጣ ከላቸውን አውልቀው፣ ሉላቸውን ነጭ ቀሚስ ላይ አጥልቀው፣ ብቻቸውን በረንዳ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ቅሬታ ከአፋቸው አልወጣም።

በዚያ ዕድሜዬ ዋጋ የከፈልኩት ዝም በማለቴ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እሳቸው በመናገራቸው ከእኔ ይልቅ ከፍለዋል። ከዚያ ወዲህ እውነቱን እያወቁ፣ ሌላው ሲወነጀል አንገታቸውን ደፍተው የሚቀመጡ ስንት ደጋግ ሰዎች አየሁ፤ አልፈርድባቸውም፣ ያስፈራል። እኔም እፈራለሁ። ግን ዛሬም በእድርም ሆነ በዘመድ ስብሰባ እንዲህ ያለ ነገር ሲነሣ መቀመጫው ይቆረቁረኛል፤ ቃሌን እስክሰጥ ድረስ አላርፍም።