ለፎርክሊፍቷ ድምፅ ስንፈልግ

ቡሬ እህል መጋዘን ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጫኝና አውራጆቹ ያዩት እኔን ሳይሆን ፎርክሊፍቷን ነበር። ዘመኑ የስድሳዎቹ መጀመሪያ ነው። ብዙ አገልግላ የመጣች፣ ቀለሟ የተላላጠ፣ ከፊቷ ሁለት ረጃጅም ሹካ ያላት ማሽን ናት። የጫኞቹ አለቃ አያ ወርቁ ዞረው ዞረው አዩዋትና፣ «ሁለት ጥርስ የቀራት አሮጊት ምን ልትቆረጥም መጣች?» አሉ። ግቢው በሳቅ ተናጋ። እኔ የፍኖተ ሰላሙ ልጅ፣ አዲስ አበባ ሦስት ወር ተምሬ የመጣሁ ኩሩ ሾፌር፣ እስከ ምሳ አኮረፍኩ።

ለማታውቋት ልንገራችሁ። ፎርክሊፍት የምትታጠፈው በኋላ ጎማዋ ነው፤ ስለዚህ ስትዞር ጀርባዋ ወደ ጎን ይወረወራል። ጆንያ ቆልላ ስትሸከም ፊት ለፊት ስለማይታይ ወደ ኋላ መንዳት ግድ ነው። ጀርባዋ ደግሞ ወፍራም ብረት ነውና ቅርብ ያለውን ሰው ይከልላል። ተሸካሚውም ጎንበስ ብሎ መሬት መሬት ነው የሚያየው።

የመጋዘኑ ሹም አቶ ደሴ ይህን ሲያዩ ሰንብተው ጠሩኝ። «አንድ ሰው የነካህ ቀን ማሽኗ ወደ መጣችበት፣ አንተም ወደ እናትህ ቤት» አሉኝ። «አሁን ሂድና ማስጠንቀቂያ ፈልግላት። መብራትም፣ ድምፅም።»

መብራቱን ከተሰበረ የጭነት መኪና ላይ ፈታሁት። ቀይ ነበር፤ ከጣሪያዋ በላይ አሰርኩት። በክምሮቹ መሀል፣ ጨለማው ውስጥ፣ ደህና ይታያል። ግቢው ፀሐይ ላይ ግን መብራቱ እንደበራ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ለድምፅ የዚያኑ መኪና ክላክስ ገጠምኩ። አንዴ ብነካው ጫኞቹ ከየጥላው ተነሥተው ወደ እኔ ሮጡ። «ከደምበጫ መኪና ገባ!» ይላሉ። ቡሬ ላይ የጭነት መኪና ክላክስ ማለት ሥራ መጣ ማለት ነው፤ ቀድሞ የደረሰ ይጭናል። ከሁሉ ቀድመው የደረሱት አያ ወርቁ ማሽኗን ሲያዩ፣ «አንተ ልጅ፣ አሮጊቷን ውሸት አስተማርካት?» አሉኝ።

ክላክሱን ነቅዬ በገመድ የሚሳብ ደወል አሠራሁላት። ገመዱን ስስበው ከአጥር ውጭ ይሰማል። አቶ ደሴ አጥሩ ጥግ ቆመው አዳመጡና «አሁን ገና ማስጠንቀቂያ ሆነ» ብለው ፈቀዱ። ሁለታችንም የጎጃም ሰዎች ነን፤ ደወል የሰማ ሰው ምን እንደሚያደርግ አይጠፋንም ነበር። ግን አላሰብነውም።

በማግስቱ ጠዋት ጤፍ ይዤ ወደ ኋላ እየነዳሁ ገመዱን ሳብኩ። አያ ወርቁ ጆንያ በጀርባቸው አዝለው ከኋላዬ ያልፉ ነበር። ደወሉን ሲሰሙ ቀጥ ብለው ቆሙ፤ በአንድ እጃቸው ጆንያውን ይዘው በሌላው ያማትቡ ጀመር። እኔ የሰማው ሁሉ ዞር ብሏል ብዬ መጣሁ። ጩኸት ሰምቼ ፍሬን ስይዝ ማሽኗ ጆንያውን ገፍታ ከነጆንያው ጥላቸዋለች።

ሞቱ ብዬ ዘልዬ ወረድኩ። አጠገባቸው ተንበረከኩ፤ አለቀስኩም፣ ምን ያሳፍራል። አያ ወርቁ ቀና ብለው ተቀመጡ፣ አቧራቸውን አራገፉና አዩኝ። «አስቀድሰህ ልትገድለኝ ኑሯል?» አሉ።

ያተረፋቸው ጆንያው ነው። ቁርጭምጭሚታቸው ግን አበጠ። ሰይድ የሚባል ሙስሊም ባልደረባቸው ሊያነሣቸው መጥቶ፣ «ደወሉ ያስጠነቀቀው እኔን ብቻ ነው፤ እኔማ ዞር አልሁ» አለ። እሳቸው እያቃሰቱ ሳቁ። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ።

አቶ ደሴ ደረሱ። «ቃሌ ቃል ነው። ጓዝህን ጠቅልል።»

«አቶ ደሴ» አሉ አያ ወርቁ ከመሬት ሆነው፣ «እርስዎም ደወሉን አዳምጠው ወደውት የለም? እንግዲያ አብራችሁ እናቱ ቤት ልትገቡ ነዋ!»

ሹሙ ቀና ብለው ደወሉን አዩ። «ታዲያ ምን ይሻላል ይላሉ?» ብለው ጠየቁ።

«የሚጠራውንማ አየነው። ሰው የሚሸሸውን ፈልጉ። ኸበቆሎ ማሳ ዝንጀሮ የምናባርር በምንድን ነው?»

በጣሳ ነው፤ በጣሳና በጠጠር። ይህን ድምፅ «ና» ብሎ የሰማው ፍጥረት የለም። ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር ጨምሬ ከማሽኗ ኋላ ሰቀልኩት፤ ወደ ኋላ ስነዳ በገመድ አንቀጠቅጠዋለሁ። ስንሞክረው አቶ ደሴ አጥር ጥግ አልሄዱም። መሀል ግቢ ቆመው የሰዉን እግር አዩ። ሁሉም ዞር አለ። አያ ወርቁም በምርኩዝ እያነከሱ ግድግዳው ጥግ ደረሱና፣ «እንግዲህ ዝንጀሮ አደረግኸን» አሉኝ። እዚያ በሠራሁበት ዘመን ያቺ ማሽን ከዚያ ወዲያ ሰው አልነካችም።

ኋላ የፋብሪካ ክላክስና የሚሽከረከር መብራት ያላቸውንም ነድቻለሁ። ማስጠንቀቂያ ስትመርጡ ከየት ድረስ ይሰማል፣ ከየት ድረስ ይታያል ብላችሁ ጠይቁ። ይህ ግን ሁለተኛው ጥያቄ ነው። መጀመሪያ፣ የሰማው ሰው እግሩ ወዴት እንደሚሄድ እዩ።