እትዬ ቆይ እና ብርድ የማትወደው የወተት መኪና

የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛዋን በሰፈሩ ውስጥ በስማቸው የሚጠራቸው የለም። «እትዬ ቆይ» ነው የሚሏቸው። ሾፌር ቁልፍ ሊያዞር እጁን ሲሰድ፣ መካኒክ መፍቻ ይዞ ሲንደረደር፣ ከአፋቸው ቀድሞ የሚወጣው ቃል «ቆይ» ነው። ሙያውን የተማሩት ከአባታቸው ነው። ገና በአሥራ አራት ዓመታቸው፣ የተቃጠለ ዲናሞ ከሚጠመጥሙት አባታቸው ጎን ቁጭ ብለው የመዳብ ሽቦ ዙር ይቆጥሩ ነበር። አንድ ዙር ከሳቱ አባትየው አይቆጡም፤ ዝም ብለው ሁሉንም ያስፈቷቸዋል። እንዲህ እየፈታ ያደገ ሰው ችኮላ አይወድም።

ሁለተኛው ልማዳቸው ግን ብዙ ወዳጅ አላፈራላቸውም። መኪና ሲመጣላቸው ኮፈኑን ከመክፈታቸው በፊት «ከእኔ በፊት ማን ነካው?» ብለው ይጠይቃሉ። መልሱን ሲሰሙ አፍንጫቸውን ይነፋሉ። ከዚያ ማን ምን እንዳበላሸ የሚናገሩት ምሳ ሰዓት ሳይደርስ መንገዱን ያዳርሳል። የማዕዘኑ ጋራዥ መካኒክ በዚህ ምላስ ሦስት ጊዜ ተለብልቦ፣ ሰላምታቸውን የሚመልሰው በአገጩ ብቻ ሆኗል። ይባስ ብሎ እትዬ ቆይ ሦስቱንም ጊዜ ልክ ነበሩ።

የልጃቸው ባል የወተት ሾፌር ነው። በአንዲት አሮጌ የጭነት መኪና ከየገበሬው ወተት እየሰበሰበ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ፋብሪካ ያደርሳል። ብርዱ ከገባ ወዲህ ግን መኪናዋ አልነሳም አለች። ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ አንዴ፣ ሁለቴ በስንፍና ይንቀሳቀስና እንደ በሽተኛ ያቃስታል፤ ከዚያ ጸጥ። እንግዲህ ጎረቤት ተጠርቶ ይገፋል። በመጀመሪያው ሳምንት ጎረቤቱ እየሳቀ ገፋ፤ በሦስተኛው ሳምንት ሲንኳኳ የሚከፈት በር ጠፋ። ወተት ደግሞ ቀጠሮ አያራዝምም። ፋብሪካው ሦስት ጊዜ አርፍዶ የመጣውን ወተት መለሰበት፤ አንድ ቀን እንኳ ከደገመው መስመሩን ለሌላ ሾፌር እንደሚሰጥም ነገረው። ቤት ውስጥ የአራት ወር ሕፃን አለ። የቤቱ መተዳደሪያ ያ መስመር ብቻ ነው።

ሰውየው ያልሞከረው የለም። ባትሪዎቹን ለወጠ። ሞተሪኖውን፣ ማለትም ትልቁን ሞተር አዙሮ የሚያስነሳውን ትንሹን ሞተር፣ ለማዕዘኑ መካኒክ ሰጥቶ አሳደሰ። ችግሩ፣ ጋራዥ የሚሄደው ወተቱን ካደረሰ በኋላ፣ በቀትር ነው። ያን ጊዜ መኪናዋ ሞቃ ስለምትውል ገና ቁልፉ ሲነካ ትነሳለች። ምንም የለባትም ብለው ይመልሱታል፤ በማግሥቱ ንጋት ያው ማቃሰት ነው።

አማቱ ዘንድ የመጣው ሁሉንም ከጨረሰ በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። እትዬ ቆይ ቅር አላቸው። ሙያው በደጁ እያለ ለምን ዞሮ ዞሮ መጣ? ይህን አልተናገሩም፤ እንደ ልማዳቸው ማን እንደነካት ብቻ ጠየቁት። አማችየው ጉሮሮውን ጠራርጎ ባትሪ ሻጩን፣ ቀጥሎም የማዕዘኑን መካኒክ ጠቀሰ። ሌላስ ሲሉት ጫማ ጫማውን እያየ ሌላ ሰው የለም አለ። እትዬ ቆይ አፍንጫቸውን ነፉ። የብርድን በሽታ በቀትር ፀሐይ የሚፈልግ መካኒክ እንዳለ፣ ከመንገዱ ማዶ በሚሰማ ድምፅ ተናገሩ።

ከዚያ ፍርዳቸውን ሰጡ። መኪናዋ እሳቸው ግቢ ትደር። እሑድ ወተት አይጫንም፤ እሳቸው ሳያዩ ቁልፉን ማንም እንዳይነካ። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነው፤ በብርድ የሚታመም በብርድ ይመረመራል።

እሑድ ሲነጋጋ ውርጩ የመኪናዋን መስታወት ሸፍኖታል። አማችየው እጁን እያሻሸ ወደ መሪው ሲወጣ «ቆይ» አሉት። መለኪያ ቴስተራቸውን አውጥተው ባትሪዎቹን ለኩ፤ ሙሉ ናቸው። አሁን አዙር አሉት። መኪናዋ አቃሰተች። እሳቸው ዓይናቸውን ከቴስተሩ አልነቀሉም። ባትሪዎቹ ብዙም አልደከሙም፤ ሞተሪኖው ዘንድ የሚደርሰው ግን ግማሽ እንኳ አይሞላም። እትዬ ቆይ ፈገግ አሉ። ላኪው ልኳል፣ ተቀባዩ አልደረሰውም፤ እንግዲያው ሌባው መንገድ ላይ ነው።

የቴስተሩን አንድ ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ብረት ላይ አድርገው እንደገና አስዞሩት። ዜሮ አካባቢ መቆየት የነበረበት ቁጥር ዘሎ ወጣ። ጓንታቸውን አወለቁና፣ ከባትሪው ተነሥቶ ሻንሲው ላይ፣ መኪናዋን በተሸከመው ትልቅ ብረት ላይ፣ የሚታሰረውን ወፍራም ገመድ በጣታቸው ተከተሉት። ጫፉ ላይ ያለው ቡሎን ሞቋል። በዚያ ውርጭ ከመኪናዋ ሁሉ የሞቀው እሱ ብቻ ነበር።

አማችየውን ሻይ እንዲያመጣ ወደ ቤት ልከው፣ ካርቶን አንጥፈው ከሥር ገቡና ቡሎኑን ፈቱት። ከገመዱ ቀለበት ሥር ያገኙት ብረት ሳይሆን የሚያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም ነው። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ገመዱ ከብረቱ ጋር እንደ ነገሩ የሚገናኘው በቡሎኑ ጥርስ በኩል ብቻ ነበር። በሙቀት ጊዜ ያችው ትበቃለች፤ በብርድ የሞተሩ ዘይት ሲወፍርና ሞተሪኖው ብዙ ኃይል ሲጠይቅ ግን አትበቃም። የትኛው ደንቆሮ ነው ቀለም ላይ የሚያስር ብለው ሊሳደቡ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ የገመዱ ጫፍ ላይ ቢጫ ናስትሮ አዩ። የሚያስረውን ገመድ ሁሉ በቢጫ ናስትሮ ሁለት ዙር የሚጠቀልል ሰው በዚያ መንገድ ላይ አንድ ብቻ ነው ያለው።

እትዬ ቆይ ካርቶኑ ላይ እንደተኙ ቀሩ። ከአራት ወር በፊት አማችየው የሻንሲውን ዝገት ፍቆ ጥቁር ቀባው፤ ገመዶቹን የፈቱትም መልሰው ያሰሩትም እሳቸው ናቸው። የመጨረሻውን ቡሎን ይዘው ሳለ ስልክ ጠራ፤ ልጃቸው ምጥ ይዟት ሆስፒታል ገብታለች። ቀለሙን ፍቆ ብረቱን ማውጣት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነበር። ለሰው ሁሉ ቆይ ሲሉ የኖሩት ሴትዮ፣ ያን ቀን ለራሳቸው ማለት ረሱ። ፊታቸው ጋለ። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የተባለው ለካ ለእሳቸው ነው።

ያየ ሰው የለም። ቀለሙን ፍቆ፣ ቡሎኑን አጥብቆ፣ ላልቶ ነበር ማለት ይቻላል። አማችየው ያምናል፤ መንገዱም ያምናል። በብርጭቆ ወረቀት እየፈቀፈቁ ይህን አሰቡ። ብረቱ ነጥቶ ሲወጣ ግን ሐሳቡ አስጠላቸው።

አማችየው ሻዩን ይዞ ሲመለስ ከሥር ሳይወጡ ጠሩት። «ጎንበስ በል፣ ልጄ። መኪናህን ያሰነፍኳት እኔ ነኝ። ገመዱን ቀለም ላይ ነው ያሰርኩት።»

ሰውየው ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠና ጎንበስ አለ። «የማዕዘኑ መካኒክ መጀመሪያ የጠየቀኝ እሱን ነበር፣ እማማ። ሻንሲው ሲቀባ ገመዱን ማን አሰረው አለኝ። የእርስዎን ስም ብጠራ ምን እንደሚያወሩብዎት አውቃለሁ። ገመዱ አልተነካም አልኩት። እሱም አምኖኝ ወደ ሞተሪኖው ሄደ።»

እትዬ ቆይ ያን ጊዜ ነገሩ ገባቸው። ልጁ ዞሮ ዞሮ የመጣው ንቋቸው አልነበረም። ስማቸውን ሊሸፍን ብሎ እንጀራውን አደጋ ላይ ጥሎ፣ በየንጋቱ መኪና ሲገፋ ከርሟል። እንባቸው መጣ፤ ከመኪና ሥር መሆናቸው በጃቸው። እሱ ደግሞ ያን ዕለት ምጥ እንደነበር፣ ማንም ቢሆን እንደሚቸኩል እያስረዳ ሊያጽናናቸው ሞከረ።

«ቆይ» አሉት። «ምጥ የያዛት እሷ እንጂ እኔ አይደለሁም።»

ገመዱን ነጩ ብረት ላይ አሰሩት፤ ቢጫውን ናስትሮም መልሰው ጠቀለሉ። አዙር ሲሉት መኪናዋ ሳታቃስት ተነሣች። ይህን ድምፅ የረሳ አንድ ጎረቤት በሩን ከፍቶ አየና፣ ግፋ የሚለው ሰው አለመኖሩን ሲያረጋግጥ እጁን አውለበለበ። ሰኞ ወተቱ ፋብሪካ የደረሰው በሩ ሳይከፈት ነው።

በዚያው ጠዋት እትዬ ቆይ ወደ ማዕዘኑ ጋራዥ ሄዱ። መካኒኩ ከአራት ሠራተኞች ጋር ቆሟል። ሞተሪኖው ያለ ጥፋቱ እንደታደሰ፣ መጀመሪያ የጠየቀው ጥያቄ ትክክል እንደነበረ፣ ችግሩም ቀለም ላይ የታሰረ ገመድ እንደሆነ አንድ ሳያስቀሩ ነገሩት። መካኒኩ እጁን በጨርቅ ቀስ ብሎ ጠረገ። ይህን ቀን ሲጠብቅ ስንት ዓመቱ ነው።

«እትዬ» አላቸው፣ «ከእርስዎ በፊት ማን ነክቷት ነበር?»

«እኔ» አሉ እትዬ ቆይ፣ አንገታቸውን ሳይሰብሩ።

ቀድመው የሳቁትም እሳቸው ናቸው። ሊወጡ ሲሉ ደህና ዋሉ አሉ፤ መካኒኩም በአፉ መለሰላቸው።