በአያ እንየው ወፍጮ ቤት ሐዘንተኛ ተራ አይጠብቅም

ዛሬ ጠዋት መካነ ኢየሱስ፣ ከገበያው በታች ካለው የመብራት ወፍጮ ቤት ስንዴዬን ይዤ ተሰልፌ ሳለ የትኩስ ዱቄት ሽታ መጣና ትናንት የቀበርነውን አያ እንየውን ፊቴ ገተረው። ከቤት እንዴት እንደወጣሁ እንኳ ትዝ አይለኝም። በቀብሩ ዕለት አላለቀስኩም፤ ሴቱ ሁሉ ደረቱን ሲደቃ እኔ የድንኳኑን ገመድ ሳይ ዋልኩ። ነገ ሰልስቱ ነው፤ ስንዴውም ለሰልስቱ ዳቦ ነው። ለዚያ ሰው አንዲት ዘለላ እንባ ሳላወጣለት ሊያልፍ ነው ብዬ ፈራሁ።

ቤታችን ከእሱ የሞተር ወፍጮ ቤት ጋር ግድግዳ ስለሚጋራ ያደግሁት በሞተሩ ድምፅ ነው። ጠዋት ዱግ ዱግ ማለት ሲጀምር የግድግዳችን ጭቃ እየረገፈ ቁርሳችን ላይ ይወርዳል፤ እናቴም «ይህ ሰውዬ አንድ ቀን ቤቴን ይፈጭብኛል» እያለች ታማርራለች፤ ደግሞ ሞተሩ ድንገት ዝም ያለ እንደሆነ «አያ እንየው፣ ምነው ደህና ነህ?» ብላ በአጥሩ የምትጮኸው እሷው ናት። አንቱታ አይወድም ነበር። «አንቱ ስትሉኝ ሌላ ሰው መጣ ብዬ ወደ በሩ አያለሁ» ይላል። ሽፋሽፍቱ ድረስ ዱቄት ለብሶ ስለሚውል ምን እየተፈጨ እንደሆነ የምናውቀው ከቅንድቡ ነው፤ ሽሮ ሲሆን ቢጫ፣ ገብስ ሲሆን ነጭ።

አንድ ደንብ ነበረው። ሰልፉ እስከ መንገዱ ቢደርስ፣ ከሩቅ አገር አህያ ጭኖ ያደረ ቢኖር፣ ከለቅሶ ቤት የመጣ ይቀድማል። የመጣችው ሴት አፏን መክፈት አያስፈልጋትም። የነጠላዋ ጥለት ወደ አንገቷ ዞሮ ካየ ራሱ ወጥቶ ጆንያዋን ይሸከማል፤ «ሐዘንተኛ ተራ አይጠብቅም» ይላል፤ ሰዉም «እግዜር ያጥናሽ» እያለ መንገድ ይከፍትላታል።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ አንድ የበዓል ዋዜማ ጎረቤታችን እቴ የሺ በጥድፊያ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ መጣች። አያ እንየው ወጣ፣ ጆንያዋን አነሳ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «አይዞሽ እቴ የሺ» አላት። ሰልፉ ከንፈሩን መጠጠ። እኛ አገር መርዶ በድንገት አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ አይዞሽ ተብሎ፣ ተደጋግፎ ነው። ስለዚህ እቴ የሺ እሷ ያልሰማችውን እነሱ የሰሙ መሰላት። «ወንድሜን! ወገዳ ያለውን ወንድሜን!» ብላ መሬት ላይ ተዘረረች። ሰዉም ማን እንደሞተ ያወቀው ያኔ ነውና አብሮ ጮኸ፤ አንዷማ አይታው የማታውቀውን ሰውዬ ደግነት ታወርድ ጀመር። አያ እንየው ሞተሩን አጠፋ። እናቴ ዝምታውን ሰምታ እየሮጠች መጥታ «ለመሆኑ ማን ነገራችሁ?» ስትል ሁሉም ወደ አያ እንየው ጠቆመ፣ አያ እንየው ደግሞ ወደ ነጠላው። አበስኩ ገበርኩ! እቴ የሺ ጥለቷን አየች፣ እንባዋ ሳይደርቅ በሳቅ ፈረሰች። ቀድሞ የተፈጨላት ግን እሷው ናት። «እንባው እንደሁ ወጥቷል» አለ አያ እንየው። ከዚያ ወዲህ ነጠላ ማየት ተወ፤ በሩ ላይ ቆሞ የሰዉን ፊት አንድ በአንድ እያየ ነበር የሚያስገባው።

መብራት ሲገባ ሞተሩ ዝም አለ፤ እሱም አረጀ። ዛሬ የመብራት ወፍጮው ወጣት ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ የተራ ቁጥር ይጠራል። እስከ እኩለ ቀን ቆምኩ። ሰዉ ያየኛል፣ ዞር የሚልልኝ የለም። ለሰልስት ነው እንዳልል ልመና መሰለኝ። ተናደድኩ፤ መናደዴ ራሱ ከሩቅ የሚሰማ ነገር ሆነብኝ።

ለቅሶ ቤት ስደርስ ዱቄቱ ቀዝቅዟል። ለሚስቱ ለእቴ ጥሩ «ይህ ምን ዓይነት አገር ነው፣ ሐዘንተኛ የማይታወቅበት!» አልኳት። ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ከዚያ ተነሥታ ነጠላዬን ከትከሻዬ ገፈፈችው፤ ለካ ጥለቱ እንደ በዓል ቀን ታች ተንጠልጥሎ ነው የዋለው። ገልብጣ አለበሰችኝ። ድንኳኑ ውስጥ የሳቀ የለም።

«እሱ ቢሆን» አለችኝ፣ ጥለቱን አንገቴ ላይ እያስተካከለች፣ «በፊትሽ ያውቅሽ ነበር።»

አጠገቧ ተቀመጥኩ። እንባው አሁንም አልመጣም። ሳላለቅስ ማዘኔን አይቶ የሚያውቅልኝ ሰው እሱ ነበር።