በጠመኔ የተሰመረው ክብ

ልብስ ሰፊዋ ሰው አታምንም። አንዷ መጥታ «እህቴ ልካኝ ነው» ብትላት፣ እህትየዋን በዓይኗ ሳታይ ቀሚሱን አትሰጥም። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር» ትላለች። እውነቱን ለመናገር አይፈረድባትም። ድሮ በነበረችበት ሰፈር አንድ ጠዋት ግድግዳዋ ላይ ቀይ ምልክት ተቀብቶ አገኘች፤ ምንድን ነው ብላ ሳትጠይቅ ዝም አለች። ብዙም ሳይቆይ ሟች ባሏ የሠራው ቤት ፈረሰ። የተረፈቻት የስፌት መኪናዋ ናት። አሁን የተከራየቻት የመንገድ ዳር ክፍል ጨለማ ስለሆነች የምትሰፋው በረንዳው ላይ ነው። በረንዳው ከሄደ እንጀራዋም ሄደ ማለት ነው።

እናም አንዲት ወጣት መሐንዲስ ከበረንዳው ፊት ለፊት አጎንብሳ በጠመኔ ክብ ስታሰምር፣ የሰፊዋ ልብ ቀጥ አለ።

«ምንድን ነው ልጄ?»

«መንገዱን ለሰው እንዲመች ልናደርገው ነው፣ እማማ። መኪናው ቀስ ብሎ ያልፋል፣ ሰውም አረፍ ይልበታል።»

«ማነው የሚያርፈው?»

«እናንተው ናችኋ!»

«እኛ መች ደከመን አልን?»

ልጅቷ ሳቀች። ሳቋ ነገሩን ጭራሽ አባሰው፤ ያኔ ቤቷን ሊያፈርሱ የመጡትም ሲስቁ ነበር። ደግሞስ በእሷ ሙያ በጠመኔ የተሰመረ ነገር መጨረሻው ምንድን ነው? መቀስ።

ከጎኗ ባለው ፀጉር አስተካካይ በር ላይ ግን ምንም አልተሰመረም። ይኼ ራሱ መላጣ የሆነ ፀጉር አስተካካይ፣ በሁለቱም በር ፊት የሚያልፈውን የውሃ ቦይ ማን ይጥረግ በሚል ከእሷ ጋር ከተኳረፈ ቆይቷል። ያን ዕለት ከመሐንዲሷ ጋር እጁን እያወናጨፈ፣ ወደ በረንዳዋ እየጠቆመ ሲያወራ አይታዋለች። «እሱ ነው እንጂ ሌላ ማን ይሆናል! በረንዳዬን ተመኝቶ ነው» አለች ለራሷ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ክቡን በእርጥብ ጨርቅ አጠፋችው። ከዚያ የልብስ ጠመኔዋን አውጥታ እሱ በር ላይ አሰመረችው። ትንሽ ቅር አላት፤ ግን ከራስ በላይ ነፋስ ነው።

ሠራተኞቹ መጡ፣ ክቡን አዩ፣ ቆፈሩ። ሰፊዋ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ የአስተካካዩ በር እስኪፈርስ ጠበቀች። እነሱ ግን ቅርንጫፉ የሰፋ ዛፍ ከነሥሩ ከመኪና አውርደው ተከሉና ዙሪያውን አግዳሚ ወንበር ሠሩለት። በረንዳዋን ማንም አልነካባትም፤ የከሰዓት ፀሐይ ብቻ እንደ ወትሮው መጥታ አናቷ ላይ ቆመች። የእሷ ደንበኞች እንኳ ልብሳቸውን ሰጥተው የሚጠብቁት እዚያ ጥላ ሥር ሆነ። በንዴት ክር ስትበጥስ ትውል ጀመር።

አንድ ቀን አስተካካዩ ኩርፊያውን ረስቶ መጣ።

«እትዬ፣ የስፌት መኪናዎን ወደ ጥላው እናውጣው?»

«ለምን?» አለችው፣ ዓይኗን አጥብባ።

«ፀሐይ ፈጀዎት እኮ። እኔ ለዚያች ልጅ እርስዎ በር ላይ ትከሉት ብዬ ለምኛት፣ እሺ ብላኝ ነበር። ምን ነክቷቸው እኔ በር ላይ እንደተከሉት እንጃ።»

ሰፊዋ ፊቱን መረመረችው። አውቆ እያሾፈባት እንደሆነ ምልክቱን ፈለገች፣ ፈለገች፣ አላገኘችም። ፊቷ ጋለ፤ በፀሐይ አልነበረም። መኪናውን በአንድ ወገን እሱ፣ በሌላው እሷ ይዘው ጥላው ሥር አስቀመጡት። ልትነግረው አፏን ከፈተች፤ ቃሉ እንቢ አላት።

«ያ ቦይ» አለችው በመጨረሻ፣ መርፌዋ ላይ እንዳቀረቀረች፣ «ከነገ ጀምሮ እኔ እጠርገዋለሁ።»