ወፍጮ ቤት የዋሸችኝ ክንዴ

ዓይኔን ጨፈንኩ... ግራ እጄ ብቻዋን ወደ ቺንጋው መሄድ ጀመረች።

በደርግ ጊዜ ነው። አብርሃ ጅራ ከተማ፣ እትዬ ማሚት ወፍጮ ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ሥራዬ ደረጃው ላይ ቆሜ ማሽላው መክተቻው አፍ ላይ እንዳይታፈን በቀኝ እጄ ማማሰል ነው። እንዳልወድቅ ደግሞ በግራዬ አንድ የብረት ቧንቧ በክርኔ እጥፋት አቅፌ እይዛለሁ። ሞተሩ ሲነሳ ቧንቧው እንደ ወባ በሽተኛ ይንቀጠቀጣል። ዱቄቱ ስለሚቦን ዓይን ጨፍኖ መሥራት የቤቱ ልማድ ነው።

ከቧንቧው ወዲያ፣ እጅ ቢዘረጋ በሚደርስበት ቦታ፣ ሞተሩንና ድንጋዩን የሚያያይዘው የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ይሽከረከራል። ከእኔ በፊት የነበረውን ሠራተኛ ሁለት ጣቱን የወሰደው እሱ ነው።

ታዲያ ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር የታጠፈችው ክንዴ ቀስ እያለች ስትዘረጋ ይሰማኛል... ጣቶቼ ቺንጋው ጋ ሊደርሱ ምንም አልቀራቸውም። ደንግጬ ስገልጥ እጄ እዚያው ናት፣ ንቅንቅ አላለችም። ስጨፍን ትሄዳለች፣ ስገልጥ ትመለሳለች። በሦስት ቀን ውስጥ ስንት ጊዜ ዘልዬ ወርጄ ሞተር እንዳጠፋሁ አላውቅም።

እትዬ ማሚት ታገሡኝ፣ ታገሡኝና በአራተኛው ቀን ወረፋተኛው ሁሉ እየሰማ «አንተን ሰው በልቶሃል ልጄ። ደሞዝህን ይዘህ ጠበል ግባ፣ እኔም ሌላ ሰው ልፈልግ» አሉኝ።

ጠበሉን አልጠላሁትም። ግን ዳባት ያለችው እናቴ የምትኖረው በዚያች ሥራ ነበር። ደግሞ እውነቱን ለመናገር እኔም ራሴን መጠርጠር ጀምሬያለሁ... የገዛ እጁ የት እንዳለች የማያውቅ ሰው ምኑን ጤነኛ ነው?

ከወረፋተኞቹ መሀል በጤና ጣቢያው ቁስል የሚያክመው ድሬሰር ነበር። ነገሩን ሲሰማ የሚያስፈጨውን ማሽላ ረሳው። ሞተሩን አስነስቶ ደረጃው ላይ አወጣኝ፣ ቧንቧውን አሳቀፈኝና ጆሮዬ ሥር ጮኸ።

«ጨፍን። ግራህ የት እንደደረሰች በቀኝህ አሳየኝ።»

ቀኜን ዘረጋሁ፣ ዘረጋሁ... «ግለጥ» ሲለኝ ቀኜ ቀጥ ብላለች፣ ግራዬ እንደታጠፈች ናት። ሰው ሳቀ። እሱ አልሳቀም። ሞተሩን አስጠፍቶ ደገመው። አሁን ሁለቱም እኩል ታጠፉ።

«ልጁ ምንም አልሆነም፣ ቧንቧው ነው» አለ። «እትዬ፣ እርስዎም ይሞክሩት።»

ሞተሩ እንደገና ተነሳ። እትዬ ማሚት ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ፣ ቧንቧውን አቀፉ፣ ጨፈኑ። ጥቂት ቆይተው «ውይ... ሄደችብኝ» አሉ። ከዚያ በኋላ ማን ይቅር፣ ወፍጮ ቤቱ በሙሉ ተሰለፈ። የቀበሌው ሊቀመንበር ሳይቀር እጅጌውን ሰብስቦ ወጣ። የእሱም ሄደች።

ሞተሩ ሲጠፋ ሊቀመንበሩ ኮስተር ብሎ ድሬሰሩን «ምንድን ነው ይኸ?» አለው።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እጃችን የት እንዳለ ሳናይ የምናውቀው ይበልጡን በጡንቻችን ነው። ውስጡ ወሬ አቀባዮች አሉ። ጡንቻው ሲሳብ፣ ክንዱ እየተዘረጋ ነው ብለው ለጭንቅላት ይነግራሉ። ቧንቧው ሲያንቀጠቅጣቸው ደግሞ ያልሆነውን ሆነ ይላሉ።»

ሰው ሁሉ ወደ ሊቀመንበሩ ዞረ። በዚያ ዘመን ወሬ አቀባይ የሚባል ነገር ሊቀመንበር ፊት አይነሳም። ድሬሰሩም ምን እንዳለ የገባው ያኔ መሰለኝ፣ ፊቱ ተለዋወጠ። ለእኔ ብሎ ሊታሰር ነው ብዬ ፈራሁለት።

ሊቀመንበሩ ክንዱን አሻሸ።

«እና ጭንቅላት የሐሰት ወሬ ሲደርሰው ምን ያደርጋል?»

«ያምናል፣ ጓድ... ዓይኑን እስኪገልጥ።»

ሊቀመንበሩ እጅጌውን መለሰ። ዱቄቱን አሸክሞ ወጣ። እትዬ ማሚት በሩን አሻግረው አዩና «በል ቧንቧው ላይ ጆንያ ጠምጥምበት፣ ሰው እየጠበቀ ነው» አሉኝ። ሥራዬም ሳይሄድብኝ ቀረ።

ስንቱ ሰው በሐሰት ወሬ ተወስዶ በቀረበት ዘመን፣ እኔ ዓይን በመግለጥ ብቻ ዳንኩ።